ኤምአርአዩ ላይ ነጭ ስለታየ ዓይን ጠፋ ማለት አይደለም፦ «ብር ማባከን ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፣ እኔም ጋ በሦስት ሰው በኩል ደረሰ። ርዕሱ «የዓይን ነርቭ ሲቆጣ ኤምአርአይ ብር ማባከን ነው» ይላል። መጀመሪያ አንብቤው ዝም ልል ነበር፣ ምክንያቱም ውስጡ እውነት የሆነ ነገርም አለ፣ ጸሐፊውም ለሰው አዝነው እንደጻፉት ያስታውቃል። ግን ሦስተኛዋ የላኩልኝ ሴትዮ ልጃቸው ከሁለት ወር በፊት እኛ ጋ ኤምአርአይ የተነሳችባቸው እናት ናቸው፣ ከጽሑፉ ስር አንድ መስመር ጨምረው «ነጩ ካልጠፋ ልጄ በቃ አታይም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እሱን ሳነብ ነው ቁጭ ብዬ መጻፍ የጀመርኩት።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። ሐኪም ዓይን ውስጥ በመብራት አይቶ ደህና ነው ካለ ነርቩ ደህና ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የግድ ምስል ከተባለም ሲቲ ስካን ይበቃል፣ ዋጋውም ያንሳል። ኤምአርአዩ ላይ ነርቩ ነጭ ሆኖ ከቀረ ብርሃን አይመለስም፣ ስለዚህ ማየቱ ጭንቀት ከመጨመር ውጪ ጥቅም የለውም። ህክምናው ለሁሉም ያው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ነው፣ ምስሉ ምንም አይቀይርም። በሽታው የፈረንጅ በሽታ ነው። ኦሲቲ የሚባለው፣ የዓይንን ውስጥ በብርሃን የሚያነሳው ማሽን፣ ደግሞ የግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) መሳሪያ ነው፣ ለዚህ ማዘዝ ገበያ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አዲስ አበባ ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ የምሰራ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ሰውን ማሽኑ ላይ አስተኝቼ የማነሳው እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱን የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ነው። ከስራው በላይ ግን ታናሽ እህቴ በ26 ዓመቷ ኦፕቲክ ኒውራይትስ፣ ማለትም የዓይን ነርቭ ብግነት ይዟት አብሬ የዞርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለኔ የሰው ጉዳይ አይደለም።

ከመከራከሬ በፊት የማምነውን ላስቀድም። ዋጋውን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከክፍለ ሀገር በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ መጥቶ ማሽኑ በር ላይ ብሩን ደግሞ ደጋግሞ የሚቆጥር ሰው በዓይኔ አያለሁ። ዓይኑ የደበዘዘ ሰው ሁሉ ኤምአርአይ ይነሳ የሚል ሰው ካለ እኔም አልስማማም፣ አብዛኛው ሰው መነጽር ወይ የሞራ ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልገው። ኦፕቲክ ኒውራይትስ ራሱ በመጀመሪያ የሚታወቀው በታሪኩና በምርመራ ነው። ወጣት ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት፣ አንድ ዓይን፣ በጥቂት ቀን ውስጥ እየደበዘዘ የሚሄድ፣ ዓይኑን ሲያዞር የሚያመው፣ ቀለም የሚደበዝዝበት። አሜሪካ ውስጥ በ15 ማዕከል 457 ሰው የተካተተበት ትልቁ ጥናት ላይ (ከ1988 እስከ 1991 ነው ሰው የተመዘገበው፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 92 በመቶው ህመም ነበረው። ይሄን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፣ በደንብ የሚጠይቅ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። የመጀመሪያው፣ በመብራት ታይቶ ደህና ከተባለ ነርቩ ደህና ነው የሚለው፣ በጣም አደገኛ ነው። የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ ጀርባ ተነስቶ ሁለቱ ነርቮች እስከሚገናኙበት ድረስ 5 ሳንቲሜትር አካባቢ ይረዝማል። ሐኪሙ በመብራቱ የሚያየው ዓይን ውስጥ ያለውን ጫፉን ብቻ ነው፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ። ብግነቱ ከዛ ኋላ ከሆነ ጫፉ ንጹህ ሆኖ ይታያል። ቅድም ያልኩት ጥናት ላይ የነርቩ ጫፍ አብጦ የተገኘው ከሦስት ሰው አንዱ ላይ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ላይ ምንም አልታየም። ሐኪሞች ራሳቸው «በሽተኛውም አያይም፣ ሐኪሙም አያይም» የሚሉት ለዚህ ነው።

እህቴ ላይ የሆነው እሱ ነው። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ በመብራት አይተው «ዓይንሽ ጤነኛ ነው፣ ድካም ነው፣ ስልክ ቀንሺ» ብለው የዓይን ጠብታ ሰጥተው መለሷት። ቤት መጥታ የነጠላዋን ቀይ ጥለት አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ዓይኗ እያየች «በዚህኛው ቀይ ነው፣ በዚህኛው ግን ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ ጨርቅ ነው የሚመስለው» አለችኝ። እኔ ዓይን ስፔሻሊስት አይደለሁም ግን ይሄን የሚል በሽተኛ በስራዬ ብዙ ሰምቻለሁና ሆዴ ቡን አለ። በነጋታው ሌላ ቦታ ወሰድኳት፣ እዛ ያለችው ዶክተር በባትሪ መብራት አንዱን ዓይን ከዛ ሌላውን፣ መልሳ አንዱን እያበራች አየችና ወዲያው ግራው ነርቭ እንደተጎዳ ነገረችን። መብራቱ ወደ ታመመው ዓይን ሲዞር ብሌኑ መጥበብ ሲገባው ይሰፋል። ይሄ ምርመራ ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ጸሐፊው «ርካሽ ምርመራ ይበቃል» ማለት ከፈለጉ ይሄኛውን ነበር መጻፍ ያለባቸው፣ የነርቩን ጫፍ ብቻ አይቶ ማሰናበትን አይደለም።

ሲቲ ስካን ይበቃል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሲቲ አጥንት ሲሰበር፣ ደም ሲፈስ፣ ከዓይን ጀርባ ትልቅ እብጠት ሲኖር፣ በእንቅርት ምክንያት የዓይን ጡንቻ ሲወፍር ጎበዝ ነው። የነርቭ ብግነትን ግን በአብዛኛው አያሳይም። ችግሩ «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ መውጣቱ ነው፣ ሰዉ ተረጋግቶ ቤቱ ይገባል፣ ጨረሩንም በከንቱ ይወስዳል። ርካሽ ሆኖ የማይመልሰውን ጥያቄ መጠየቅ ነው እኮ ትክክለኛው ብር ማባከን።

ነጩ ምልክት ላይ ግን እቆያለሁ፣ የኒያ እናት ጥያቄ እዚህ ስለሆነ።

ነጭ የሚባለው ምንድነው? ከዓይን ኳስ ጀርባ ነርቩ በስብ ተከቦ ነው ያለው። ኤምአርአይ ላይ ስብ ራሱ ደምቆ ስለሚያበራ ነርቩን ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ እኛ ስቡን የሚያጠፋ ስልት እንጠቀማለን፣ ያኔ ስቡ ይጠቁርና ነርቩ ብቻውን ይታያል። የተቆጣ ነርቭ ውሃ ይይዛል፣ ውሃ ደግሞ ቲ-2 በሚባለው ምስል ላይ ነጭ ነው። ሌላው ነጭ ከኮንትራስት በኋላ የሚመጣው ነው። ጋዶሊኒየም የሚባለውን መድኃኒት በደም ስር ስንሰጥ ጤነኛ ነርቭ ውስጥ አይገባም፣ በደምና በነርቩ መካከል ያለው አጥር ብግነቱ ሲያፈርሰው ግን ሾልኮ ይገባና ነርቩ ያበራል። እነዚህ ሁለት ነጮች የተለያዩ ናቸው፣ ጸሐፊው አንድ አርገዋቸዋል፣ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የኮንትራስቱ ነጭ ብግነቱ አሁን እየነደደ መሆኑን ይናገራል። በደንብ ከተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ100 ሰው 90 በላዩ ላይ ይገኛል፣ ከዛ በአማካይ በአንድ ወር አካባቢ ይጠፋል። የቲ-2ው ነጭ ግን ይቆያል። ወራት፣ ዓመታት፣ አንዳንዴም ሁልጊዜ። ሰውየው ድሮ አገግሞ መኪና እየነዳ፣ መጽሐፍ እያነበበ ነርቩ ኤምአርአይ ላይ ነጭ እንደሆነ ይኖራል። እግራችን ላይ ያለ የድሮ ቁስል ጠባሳ እንደማለት ነው፣ ጠባሳው አለ እንጂ እንሮጥበታለን። የእህቴ ከዓመት በኋላ የተነሳው ምስል ላይ ነርቩ አሁንም ነጭ ነበር፣ እኔ ራሴ ነኝ ያነሳኋት፣ በዛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ 6 ለ6 አነበበች፣ ጤነኛ ዓይን የሚያነበውን ያህል ማለት ነው (ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ ቁጥር እይታው ይቀንሳል)።

በቁጥርም ቢታይ ያው ነው። በትልቁ ጥናት ላይ ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት እንኳን 79 በመቶው በ3 ሳምንት ውስጥ፣ 93 በመቶው ደግሞ በ5 ሳምንት ውስጥ መሻሻል ጀምረው ነበር። ከዓመት በኋላ ከ10 ሰው ከ9 በላይ የሚሆነው 6 ለ12 ወይም የተሻለ ያያል። የነጩ ርዝመትና ቦታ መጀመሪያ ላይ እይታው ምን ያህል እንደቀነሰ ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ በኋላ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን በደንብ አይተነብይም። «ነጩ ካልጠፋ ብርሃን አይመለስም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ መሬት የለውም።

እዚህ ላይ ከስራዬ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ብር ማባከን» የሚለው ቃል በትክክል የሚሰራበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ «የጭንቅላት ኤምአርአይ» ብቻ ተጽፎ ይመጣል። የተለመደው የጭንቅላት ምስል በ5 ሚሊሜትር ውፍረት ነው የሚቆረጠው፣ የዓይን ነርቭ ራሱ ከ4 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ስቡም አልጠፋም፣ ኮንትራስትም የለም፣ እና ሪፖርቱ «ኖርማል» ይላል፣ እሱንም ይዞ ሰው «ተነሳሁ እኮ ምንም የለም» ይላል። ነርቩ አልተነሳም! ለዓይን ነርቭ የሚታዘዘው የኦርቢት፣ ማለትም የዓይን ጉድጓድ፣ ኤምአርአይ ነው፣ በ3 ሚሊሜትር ወይ ከዛ ባነሰ ቀጭን ቁርጥ፣ ከፊት ለፊት አቅጣጫም ጭምር፣ ስቡ ጠፍቶ፣ ኩላሊቱ ከፈቀደ በኮንትራስት። ጭንቅላቱም አብሮ ይነሳል፣ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እመጣበታለሁ። ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሲያነሷችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳታንቀሳቅሱ ተኙ፣ ነርቩ ከኳሱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። ኩልና ማስካራ አጥባችሁ ኑ፣ አንዳንዱ ውስጥ ብረት ነክ ቅንጣት አለ፣ ልክ እኛ ማየት የምንፈልገው ቦታ አጠገብ ምስሉን ያበላሸዋል።

ቀጣዩ ነጥብ ህክምናው ለሁሉም ያው ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ምስል ምንም አይቀይርም የሚለው ነው። ይሄኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

እውነቱ ይሄ ነው። ያ በ1992 የታተመው ጥናት ሰዎቹን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ስር በቀን 1000 ሚሊግራም ለ3 ቀን ከዛ ለ11 ቀን ኪኒን፣ ሁለተኛው ፕሬድኒሶን (የፕሬድኒሶሎን መንትያ መድኃኒት) ኪኒን ብቻ በኪሎ 1 ሚሊግራም ለ14 ቀን፣ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለው ኪኒን። በደም ስር የወሰዱት ቶሎ አገገሙ፣ ከዓመት በኋላ ግን የሦስቱም እይታ ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ «ያለ መድኃኒትም ይድናል» ቢባል ለተለመደው ዓይነት ብዙም ስህተት አይደለም። ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር አገኘ፣ በዛ መጠን ኪኒን ብቻ የወሰዱት ሰዎች ላይ በሽታው የማገርሸት ዕድሉ እጥፍ ገደማ ሆነ። ጸሐፊው ለሁሉም ይበቃል ያሉት እኮ ልክ ይሄኛው ነው! 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን 12 ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒን ማለት ነው፣ ከፋርማሲ በቀላሉ ገዝቶ የሚዋጥ።

ኪኒን በባህሪው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት 1250 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን በአፍ መውሰድ ከደም ስሩ እኩል እንደሚሰራ አሳይቷል፣ እሱን በባለ 5 ሚሊግራም ብትቆጥሩት 250 ፍሬ ነው በቀን። ጉዳዩ መጠኑ ነው፣ ይሄን ደግሞ ማንም ቤቱ ሆኖ የሚሞክረው ነገር አይደለም፣ የተደበቀ ቲቢ ያለበት፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ስቴሮይድ ሌላ መዘዝ ያመጣል። እባካችሁ በራሳችሁ እንዳትጀምሩም፣ ጀምራችሁም በድንገት እንዳታቆሙ።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። ያ ጥናት ሲሰራ ያልታወቀ ነገር ነበር። በ2004 ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ኒውሮማየላይትስ ኦፕቲካ፣ ባጭሩ ኤንኤምኦ፣ በሚባለው በሽታ ላይ የራሱ የሆነ አንቲቦዲ፣ ማለትም የገዛ ሰውነትን የሚያጠቃ የደም መከላከያ፣ ተገኘ፣ በኋላ አኳፖሪን-4 የተባለውን ፕሮቲን እንደሚያጠቃ ታወቀ። ከዛ ደግሞ ሞግ የሚባለው አንቲቦዲ ያለበት ሌላ በሽታ ተለይቶ ወጣ፣ የራሱ መመዘኛ የተጻፈለት በ2023 ነው። ሦስቱም፣ ኤምኤስም (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ሰውነት የራሱን የአንጎልና የነርቭ ልባስ የሚያጠቃበት በሽታ) ኤንኤምኦም ሞግም፣ ሲጀምሩ «ዓይኔ ደበዘዘብኝ» ብለው ነው የሚመጡት። አካሄዳቸው ግን አይገናኝም። የኤምኤሱ በአብዛኛው በራሱ ይመለሳል። ሞግ ከባድ ሆኖ ይጀምርና ለስቴሮይድ ጥሩ መልስ ይሰጣል፣ ቶሎ ሲቆም ግን ተመልሶ ይመጣል። ኤንኤምኦ ካልተያዘ አንድ ጥቃት ብቻ ዓይኑን ለዘለቄታው ሊያጠፋው ይችላል፣ ስቴሮይዱ ካልሰራ የደሙን ፕላዝማ ወደማጣራት ቶሎ መሄድ ያስፈልጋል፣ ቀናት ዋጋ አላቸው፣ ከዛም እንዳይመለስ የሚከላከል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ።

እና ይሄን ማን ይለያል? የደም አንቲቦዲው ነው የሚያረጋግጠው፣ ግን የደም ውጤቱ እዚህ ሀገር ቶሎ አይደርስም፣ ኤምአርአዩ ግን የዛኑ ቀን ይናገራል። ነጩ አጭር ሆኖ አንድ ነርቭ ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ኤምኤስ ወይ ወደ ተለመደው ዓይነት ያመለክታል። የነርቩን ከግማሽ በላይ ይዞ፣ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ሁለቱ ነርቮች እስከሚገናኙበት ኪያዝም ድረስ ከሄደ ኤንኤምኦን አስቡ ይላል። ከፊት በኩል ረጅም ሆኖ፣ ሁለቱንም ዓይን ይዞ፣ የነርቩ ሽፋንና ዙሪያው ያለው ስብ ጭምር ኮንትራስት ከወሰደ ሞግ ይሆናል ብሎ ይጠቁማል። መቶ በመቶ አይደለም፣ አንዱ ከአንዱ ይደራረባል፣ ግን ሐኪሙ ዛሬ ማታ ምን ልጀምር ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የሚረዳው ነገር ብዙ የለም። ምስሉ ስለ ማየት ብዙ አይነግረንም ብያለሁ፣ ስለ ምክንያቱ ግን ይነግረናል፣ ህክምናውን የሚቀይረው ምክንያቱ ነው።

ጭንቅላቱ ለምን አብሮ ይነሳል ላልኩት፣ የዛ ጥናት ሰዎች 15 ዓመት ተከታትለዋቸዋል። መጀመሪያ በተነሳው ኤምአርአይ ጭንቅላታቸው ውስጥ ምንም ምልክት ያልነበረባቸው ሰዎች በ15 ዓመት ውስጥ ኤምኤስ የያዛቸው 25 በመቶው ናቸው፣ አንድም እንኳን ምልክት የነበረባቸው ግን 72 በመቶው። ይሄ ለአንዲት የ26 ዓመት ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ክትትሏን፣ መድኃኒቷን፣ የወሊድ እቅዷን ሁሉ ይነካል። የእህቴ ጭንቅላት ንጹህ ነበር፣ ያን ቀን እናታችን ወለሉ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። በ2025 የታተመው የተሻሻለው የኤምኤስ መመዘኛ ደግሞ የዓይን ነርቭን ራሱን እንደ አንድ የበሽታው ቦታ መቁጠር ጀምሯል፣ ከበፊቶቹ አራት ቦታዎች ላይ አምስተኛ ሆኖ፣ በኤምአርአይ ወይም በኦሲቲ ወይም የነርቩን የመልእክት ፍጥነት በሚለካው ምርመራ ከታየ።

የፈረንጅ በሽታ ነው ለሚለው፣ ኤምኤስ ከምድር ወገብ በራቁ ሀገሮች ይበዛል፣ ልክ ነው። ኤንኤምኦ ግን የዛ ተቃራኒ ነው፣ ከፈረንጆች ይልቅ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፣ አካሄዱም ይከፋል። ስለዚህ «የኛ አይደለም» ያሉት በሽታ ውስጥ በጣም ክፉው ወደኛ የቀረበው ነው። ዋሽንግተንም ሪያድም ቴልአቪቭም ላሉ ወገኖች ይሄው ነው፣ እዛ ያለ ሐኪም ኤምኤስ ብቻ አስቦ ቢቆም «ኤንኤምኦና ሞግ ታይቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊውን የምደግፍበት አንድ ነገር አለ። እኛ ሀገር የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሁሉ ብግነት አይደለም። ለቲቢ ኢታምቡቶል የሚወስድ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ቀስ እያለ ያለ ህመም ከደበዘዘበት፣ ከኤምአርአይ በፊት መድኃኒቱን ላዘዘው ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ መንገር ነው ያለበት። ሜታኖል የገባበት አረቄ ጠጥቶ በሰዓታት ውስጥ ዓይኑ የጠፋበት ሰው ድንገተኛ ክፍል እንጂ ምስል ክፍል አይደለም የሚሄደው። የቢ12 እጥረት አለ፣ ቂጥኝ አለ። እነዚህ በጥያቄና በደም ነው የሚታወቁት። ጽሑፉ ስለነዚህ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ አሰራጨው ነበር።

ወደ ኦሲቲ ልምጣ። የግላኮማ መሳሪያ ብቻ ነው፣ ለነርቭ ብግነት ማዘዝ ገበያ ነው ተብሏል። ኦሲቲ በ1991 ኤምአይቲ ውስጥ ዴቪድ ሁዋንግና ጄምስ ፉጂሞቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ ያደረጉት ነገር ነው፣ እንደ አልትራሳውንድ አስቡት፣ በድምጽ ፋንታ ብርሃን ይጠቀማል። ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም፣ አገጭን አስደግፎ ደቂቃዎች ብቻ። የዓይን ነርቭ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ክሮች አሉት፣ እነዛ ክሮች የሚነሱት ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ግድግዳ፣ ላይ ካሉት ጋንግሊዮን ሴሎች ነው። ነርቩ ኋላ ላይ ሲጎዳ ክሩ ወደ ኋላ እየሞተ ይመጣና ሬቲናው ላይ ያለው የክር ሽፋን ይሳሳል፣ ኦሲቲ እሱን በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ፣ ይለካዋል። ለግላኮማም የሚሰራው በዚሁ ምክንያት ነው፣ አንድ አይነት ክር ስለሆነ።

ጤነኛ ሰው ላይ የክሩ ሽፋን ውፍረት ከ90 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከብግነት በኋላ በአማካይ 20 ማይክሮን ገደማ ይቀንሳል፣ ይሄ የሚሆነው ግን በ3 እና በ6 ወር መካከል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከተነሳ ነርቩ ስላበጠ ሽፋኑ እንዲያውም ወፍሮ ይታያል፣ እና «ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍራም ነው» ተብሎ ይወጣል። የጋንግሊዮን ሴሎቹ ሽፋን ግን በእብጠቱ ብዙ ስለማይሸወድ በሳምንታት ውስጥ መሳሳቱን ያሳያል። የታመመውን ዓይን ከጤነኛው ማወዳደርም አለ፣ በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የክሩ ሽፋን በ5፣ የጋንግሊዮኑ በ4 ማይክሮን ልዩነት ከታየበት ነርቩ ተመቷል ብሎ ይቀበላል። በ2006 የወጣ ጥናት ደግሞ የክሩ ሽፋን ከ75 ማይክሮን ሲወርድ የእይታው ማገገም እንደሚቸገር አሳይቷል። ስለዚህ ጸሐፊው ኤምአርአዩ ላይ የፈለጉት መልስ፣ ነርቩ ምን ያህል ቀረ የሚለው፣ ይበልጥ ያለው ገበያ ነው ባሉት ማሽን ውስጥ ነው።

እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እህቴ 6 ለ6 ታነባለች ብያለሁ፣ የክሯ ሽፋን ግን ከቀኙ በ18 ማይክሮን ያንሳል፣ እሷም ልዩነቱን ታውቀዋለች። ጥቁር ፊደል በነጭ ሰሌዳ ላይ ማንበብና በጭጋግ ጠዋት ከርቀት የሚመጣ ታክሲን መለየት አንድ አይደለም፣ ደብዛዛ ግራጫ ፊደል ያለበት ሰሌዳ ላይ ስትፈተን ግራ ዓይኗ ብዙ ይቀራታል። ሰው «ዶክተሩ ድነሻል አለኝ፣ እኔ ግን አይመስለኝም» ሲል ብዙ ጊዜ እብደት አይደለም፣ የተፈተነበት ሰሌዳ ነው ያልያዘው። ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር ደግሞ ዓይኗ ጭጋግ ይለብስባት ነበር፣ በመጀመሪያው ጊዜ አገረሸብኝ ብላ እየተንቀጠቀጠች ደወለችልኝ፣ ወጥታ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ በሩብ ሰዓት ለቀቃት። ይሄን ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1890 ጽፎታል፣ ክሮቹን የሚጠቀልለው ልባስ የተጎዳበት ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ይከብደዋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። አዲስ ጥቃት አይደለም፣ ለሱ ብሎ ኤምአርአይ መድገምም አያስፈልግም። ከቀን በላይ ቆይቶ እየባሰ ከሄደ ግን መመለስ ነው። ከመጀመሪያው ጥቃትም በኋላ አንድ ወር አልፎ ምንም መሻሻል ካልታየ ዝም ብሎ መጠበቅ የለም፣ ምክንያቱ እንደገና መታየት አለበት።

ለኒያ እናት የመለስኩላቸው ከዚህ ባጠረ መልኩ ነው። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ ጣት ብቻ ነበር የምትቆጥረው፣ አሁን 6 ለ18 ደርሳለች፣ ነርቧ ግን ምስሉ ላይ ነጭ ነው። ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ክትትሉን ሊያቆሙት ነበር፣ ምን ያደርጋል ብለው። ሦስተኛ ወሯ ላይ ኦሲቲ ቀጠሮ አላት፣ እንደምትሄድ ነግረውኛል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ዋጋው የጻፉት ይቆይ፣ ይሰማም፣ ማሽኑ ለደሃው እንዲደርስ አብረን እንጩህ። «ነጭ ሆኖ ከቀረ ብርሃን አይመለስም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ያንሱልኝ፣ ዛሬም ሰው እየላከላት ነው።